ሲላንት ከመግዛታችሁ በፊት አሽትቱት

ቮልሴ በፈረንጅ የ1969 ሞዴል ናት። አባዬ ገና ሳያገባ የገዛት። እኔ ኋላ ወንበሯ ላይ ተኝቼ ነው ያደግኩት። አባዬ ሲያርፍ ቁልፏ ወደ እኔ መጣ። ቅዳሜ እነዳታለሁ፣ እሁድ እጠግናታለሁ። እንጀራዬ የሒሳብ ሥራ ነው እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን አንዲት መኪና ላይ ደጋግሞ የተሳሳተ ሰው ሳይወድ በግዱ አንዳንድ ነገር ያውቃል።

ዛሬ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ልጻፍ። ከውጭ የሚገጠሙት ነገሮች በምን ሲላንት (ማሸጊያ) ይታሸጋሉ? ጎኗ ላይ የተዘረጋው የአሉሚኒየም ጌጥ፣ ኮፈኗ ላይ ያለው ዓርማ፣ መብራቶቹ፣ የመስታወቱ ጎሚኒ (ዙሪያውን የሚይዘው ጎማ)፣ ፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ)። ወይስ ከነጭራሹ ባይታሸጉ ይሻላል?

የኔ ታሪክ ከአቼቶ ይጀምራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀለሟን አሳደስኩ። ቀለሙ አምሮ ወጣ። ጌጡን መልሶ የሚገጥመው ልጅ "እቴቴ፣ ውሃ እንዳያስገባብሽ አሪፍ አድርጌ ላሽግልሽ?" አለኝ። እኔም አመስግኜ እሺ አልኩት። የአሉሚኒየም መስኮት የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ሲሊኮን አመጣና ከጌጡ ሥር ሞላው። በፊት መስታወቱም ዙሪያ ቀባው። ጋራዡ አቼቶ አቼቶ ሸተተ። እውነቴን ነው፣ እዚያ ጥግ ምሳ ሰዓት ደርሶ ሰላጣ የሚሠራ ሰው ያለ ነው የመሰለኝ።

ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ እሁድ እያጠብኳት፣ ከጌጡ ጠርዝ በታች ቀለሙ ላይ ሽፍታ የመሰለ ነገር አየሁ። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ተፈርክሶ ወደቀ። ከሥሩ ቡናማ ዱቄት። በአንድ ጎን ብቻ አራት ቦታ፣ አራቱም ጌጡን የሚይዙት ክሊፖች የገቡባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ።

ላሜራ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አባዬም እሳቸው ጋ ነበር የሚሄደው። ጋሼ ነው የምላቸው። ጌጡን ነቅለው ሲሊኮኑን በጣታቸው እየጎተቱ አዩት። እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። "ልጄ" አሉኝ፣ "ይኼ መኪና ማሸግ አይደለም፣ ኮምጣጤ ማጠጣት ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ዓይነቱ ሲሊኮን ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል። አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው ያው አሲድ ነው። መስታወትና የሻወር ቤት ሴራሚክ ምንም አይሆኑም። ብረት ግን ይበላል። የክሊፕ ቀዳዳ ጠርዝ ደግሞ ሁሌም የተጫረ ነው፤ ክሊፑ ሲገባና ሲወጣ ቀለሙን ይፍቀዋል። አሲዱ ያገኘው ያንን ባዶ ብረት ነው። አሲዱ በቀናት ውስጥ ተንኖ ያልቃል፣ የጀመረውን ዝገት ግን ከዚያ በኋላ ዝናቡ ይቀጥልለታል።

ያላመነ ቤቱ ይሞክረው። እኔ ሞክሬዋለሁ። ሁለት ምስማር በብርጭቆ ወረቀት አብለጨለጭኩ። በሁለት የጠርሙስ ክዳን ላይ አስቀመጥኳቸውና ባንዱ ጎን የአቼቶውን ሲሊኮን፣ በሌላው ጎን "ኒውትራል" የሚል የተጻፈበትን ሲሊኮን ጠብ አደረግኩ። ምስማሮቹን አላስነካሁም፣ ጎናቸው ብቻ። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ የቡና ስኒ ደፋሁበት። በሳምንቱ ስኒዎቹን ሳነሳ የአቼቶው ምስማር ብርቱካንማ ነጠብጣብ አውጥቷል። ሌላው እንዳለ ነው። እማዬ ስኒዎቿን ፈልጋ ስታጣ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም።

መጀመሪያ ውሃው በየት እንደሚገባ እወቁ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሥራ አለ። አብዛኛው ሰው ወንበር ሥር ውሃ ሲያይ ሮጦ ሲላንት ይገዛል። ውሃ ግን የሚታየው የገባበት ቦታ ላይ አይደለም። ላሜራውን ተከትሎ ይወርድና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። በቮልስ ዝቅ ያለው ቦታ ብዙ ጊዜ የኋላ ወንበሩ ሥር ነው። ባትሪውም ያለው እዚያው፣ በቀኝ በኩል። የባትሪው መቀመጫ በልቶ የተበሳ ቮልስ ያላየ የቮልስ ባለቤት የለም።

ሁለት ሰው ሁኑ። አንዱ ውስጥ ይግባ፣ የእጅ ባትሪና ሶፍት ይያዝ። የጎን ልባሱንና ምንጣፉን አንሱ። ሌላው ውጭ ሆኖ በጎማ ውሃ ያፍስስ፣ ግን ያለ ኃይል፣ ዝም ብሎ እንዲንጠባጠብ። ከታች ጀምሩ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉን አርሶ ይወርድና ምንም ሳታውቁ ትቀራላችሁ። ባንድ ቦታ ላይ ሦስትና አራት ደቂቃ ቆዩ። የውስጡ ሰው በሶፍቱ እየነካካ ይፈትሽ።

እኔ መስታወቱ ነው ብዬ እምል ነበር። ውሃው ይገባ የነበረው ከኋላ የጎን ጌጥ ክሊፕ ቀዳዳዎች ሆኖ ተገኘ። የኋላ ጎኗ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በቀጥታ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈቱት። የበሩ ጌጥ ግን ሌላ ነው። በበሩ ቀዳዳ የገባ ውሃ በሩ ውስጥ ይወርድና ከሥር ባሉት ማፍሰሻዎች ይወጣል። ማፍሰሻዎቹን በሽቦ ጠረግ ጠረግ አድርጓቸው። እባካችሁ እነሱን እንዳታሽጉ! አንድ ወዳጄ "ከሥር አቧራ ይገባል" ብሎ ደፈናቸው። መኪናው በታጠፈ ቁጥር በሩ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማ ነበር።

አንድ ጥያቄ

ጋሼ ያስተማሩኝ የምርጫ ዘዴ አንድ ጥያቄ ነው። ይህን ዕቃ አንድ ቀን መልሼ እነቅለዋለሁ?

አዲስ መኪና ላይ መልሱ "ምናልባት" ነው። አሮጌ መኪና ላይ ሁሌም "አዎ" ነው። ጌጡ ይነቀላል፣ መብራቱ ይነቀላል፣ መስታወቱም ይነቀላል። ስለዚህ ጠንክሮ የሚይዝ ነገር ጥሩ ነው ማለት አይደለም። የኔ ጌጥ ሲነቀል ሁለት ቦታ ተጣሞ ነው የወጣው። የቮልስ ጌጥ ስስ አሉሚኒየም ነው፤ አንዴ ከታጠፈ መስመሩ ከቶ አይጠፋም።

በዚህ ጥያቄ ገበያ ላይ ያሉትን እንያቸው።

የአቼቶው ሲሊኮን በቃ፣ ተናግሬያለሁ። ቱቦው ላይ "አሴቶክሲ" ወይም "አሴቲክ" የሚል ካያችሁ መልሱት። ምንም ያልተጻፈበት ከሆነ ባለሱቁን አስከፍቱትና አሽትቱ። አፍንጫ አይዋሽም።

ኒውትራሉ ሲሊኮን ብረቱን አይበላም። ሆኖም እኔ እሱንም ከውጭ አካሏ አርቄዋለሁ። ምክንያቱ ቀለም ነው። ሲሊኮን ላይ ቀለም አይይዝም። ነቅላችሁት እንኳ የማይታይ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ስለዚያ ጉድ ወደ በኋላ እመጣለሁ።

ፖሊዩሪቴን አለ። ጋራዥ ውስጥ ማርካው ምንም ይሁን ምን ብዙ ሰው "ሲካ" ነው የሚለው። ይህ የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየሳበ ነው። ቀለም ይቀበላል። ይይዛል፣ እንዴት አድርጎ ነው የሚይዝ! ለዚህም ነው ቦታው ላሜራና ላሜራ የሚገናኙበት መስመር የሆነው፤ ከፓራፋንጎ ሥር፣ ከወለሉ ስፌት ላይ፣ የማይነቀል ነገር ላይ። ጌጥ ላይ ካደረጋችሁት ጌጡን ለማንሳት ቢላ ያስፈልጋችኋል፣ ቢላው ደግሞ ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። ሌላም ጉድለት አለው፤ ቀለም ካልተቀባበት ፀሐይ እያደር ትሰነጣጥቀዋለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የዚህ ከፍታ ፀሐይ ደግሞ አትምርም። ስትሠሩበት ጓንት አድርጉ፣ በር ክፈቱ፤ ሳይደርቅ የሚለቀው ነገር ለሳምባ ደግ አይደለም።

ኤም ኤስ ፖሊመር የሚባለው አዲስ መጥ ነው። ከፖሊዩሪቴኑ ይልቅ ፀሐይ ይችላል፣ ቀለምም ይቀበላል፣ ሽታውም ቀላል ነው። ከውጭ የሚታይ የላሜራ ስፌት ካላችሁ እሱን ምረጡ። ግን እሱም ሙጫ ነው፤ ጥያቄውን አትርሱ።

ፖሊዩሪቴኑም ኤም ኤስ ፖሊመሩም እርጥበት ስለሚፈልጉ ወቅት ይለዩባችኋል። ፋብሪካዎቹ በቀን እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይደርቃል ይላሉ፤ ያ ግን እርጥበቱ መካከለኛ፣ ሙቀቱ 23 ዲግሪ ሲሆን ነው። በታኅሣሥና በጥር፣ ከንፈራችን በሚሰነጠቅበት ደረቅ አየር፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለቀናት ሊጥ ሆኖ ይቆያል። እኔ አጠገቡ እርጥብ ፎጣ እሰቅላለሁ። ደግሞም ወፍራም አድርጌ አልቀባም።

የኔ ወዳጅ ቡቲል ነው። በጥቅል ይመጣል፣ እንደ ፕላስተር፣ ብዙውን ጊዜ ጥቁር። አይደርቅም። ከአሥር ዓመት በኋላም ስትነኩት ይለጥፋል። ውሃ አያሳልፍም፣ ብረት አይበላም፣ ጌጡን በእጅ ስታነሱት ቀስ እያለ ይለቃል። የቀረው በአኳራጅ ይጸዳል። ጉድለቱ ሙቀት ነው። ርካሹ ቡቲል በጣም ሲሞቅ ይፈሳል፣ ጥቁር እንባም ያወጣል። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ መኪናውን ፀሐይ ላይ የሚያቆም ሰው ስስ አድርጎ፣ ከጠርዙ ገባ አድርጎ ይጠቀምበት።

ከቡቲል ጋር የሚቀራረብ በገመድ መልክ የሚመጣ የማይደርቅ ሊጥ አለ። ስሪ ኤም (3M) የተባለው ኩባንያ የሚሠራው አንዱ ነው፣ ካርቶኑ ውስጥ እንደ ስፓጌቲ ተደርድሮ ይመጣል። ለክሊፕ ቀዳዳ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። እኔ ከአሜሪካ የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት ያመጣችልኝ፤ "ሽቶ ላምጣልሽ ስልሽ ይኼን?" እያለች። ዘመድ ከሌላችሁ ቡቲሉ ይበቃችኋል።

በቱቦ የሚመጣ የማይደርቅ የመስታወት ማስቲክም አለ። ላዩ ሽፋን ያወጣል፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ሆኖ ይኖራል። ይህ ለመስታወት ጎሚኒ ነው።

ማስቲሽ ደግሞ ማጣበቂያ እንጂ ማሸጊያ አይደለም። የበሩን ዙሪያ ጎማ ለመለጠፍ ጥሩ ነው። ሁለቱንም ወገን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጣት ላይ መለጠፍ እስኪተው ጠብቁ፣ ከዚያ አጋጥሙ። ክፍተት ለመሙላት ግን አትጠቀሙበት፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ምንም ስትገዙ ቀኑን አንብቡ። ሶማሌ ተራ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ቱቦ አጋጥሞኛል። ጨመቅ አድርጉት። ከድንጋይ ጋር የሚጨባበጡ ከመሰላችሁ ደርቋል።

የጎን ጌጥ አገጣጠም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዝገቱ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ለመንቀል ካቻቢቴ አትጠቀሙ። ጫፉን የሞረድኩት የእንጨት ቁራጭ አለኝ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ እጠቀምበታለሁ። ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ፣ ከእያንዳንዱ ክሊፕ አጠገብ ብቻ ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። መሃል ለመሃል ከጎተታችሁት ይታጠፋል። ጌጡ ከወጣ በኋላ ክሊፖቹን አውጡ። የዛጉትን ጣሉ፣ አዲስ ይገዛል።

አሁን ቀዳዳዎቹ። የእያንዳንዱን ጠርዝ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጉ። ብርሃን አብርታችሁ ከውስጥም እዩ። ከዚያ አንቲረስት በቀጭን ብሩሽ፣ የልጆች የሥዕል ብሩሽ ይሆናል፤ ሲደርቅ ደግሞ ቀለም። ለዚህ ሥራ ቢያንስ ሁለት ቀን ስጡ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ በማግስቱ ክሊፑን ሳስገባ ያልደረቀውን ቀለም ጠቅልዬ አወጣሁትና እንደገና ጀመርኩ። መኪናዋ ሙሉ ቀለም ከተቀባች ደግሞ ቀለሙ በደንብ እስኪጠነክር ምንም ነገር አትለጥፉበት።

ቡቲሉን ከጥቅሉ ቆርጣችሁ በእጃችሁ አድበልብሉት። ለአንድ ክሊፕ የሽምብራ ያህል ይበቃል። እጃችሁ ላይ ከተንዘላዘለ ፍሪጅ ውስጥ አሥር ደቂቃ አስቀምጡት፣ ይጠነክራል። ሽምብራዋን እንደ ፈትል አርዝማችሁ ክሊፑ ግንድ ላይ፣ ከራሱ ሥር ጠምጥሙ። ክሊፑን አስገቡና ተጫኑ። ቡቲሉ በዙሪያው ቀለበት ሆኖ በትንሹ ብቅ ካለ፣ ልክ ነው። ባንድ በኩል ብቻ ከወጣ ክሊፑ ተንጋዷል፣ አውጡት።

ጌጡን ከመመለሳችሁ በፊት ጀርባውን እጠቡ። አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ይሆናል። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው መሃላቸው እርጥብ ጭቃ ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል። ስለዚህ የጌጡን የውስጥ ወገን ሰም እቀባለሁ፣ የመኪና መወልወያው ሰም ራሱ ይሆናል። ከዚያ ክሊፖቹ ላይ በመዳፍ ተጫኑት። ቀጭ ሲል ትሰሙታላችሁ።

አንድ ነገር ላስምርበት። በጌጡ የላይኛው ጠርዝ ላይ ምንም መስመር አትቀቡ። ንጹሕ ሥራ ይመስላል፣ ግን በወሩ አቧራ ይዞ ጥቁር ክር ይሆናል። ይባስ ብሎ ከኋላ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። የሚታሸገው ቀዳዳው ነው። ጌጡ መተንፈስ አለበት።

የፊት ኮፈኑ ዓርማም ያው ነው፤ እግሮቹ ሥር የምስር ያህል ቡቲል፣ አለቀ። የስፖኪዮና የአንቴና መቀመጫም እንደዚያው።

መስታወት

ለመስታወት ምርጡ ሲላንት አዲስ ጎሚኒ ነው። ቀልዴን አይደለም። ጎሚኒው ማዕዘኑ ላይ ከተሰነጠቀ፣ በጥፍር ሲጫኑት እንደ ፕላስቲክ ከጠነከረ፣ የፈለጋችሁትን ብትቀቡ ለአንድ ክረምት ነው። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፣ የመጨረሻዋም በፈረንጅ በ2003 ነው ሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ የወጣችው፤ ስለዚህ ጎሚኒዋ ዛሬም ይሠራል፣ ይገኛል። ስትገዙ ግን ሞዴሉን ተናገሩ። የፊት መስታወቷ በ1958ና በ1965 ሞዴሎች ላይ ሰፍቷል። 1303 የምትባለው ደግሞ ከ1973 ሞዴል ጀምሮ በጣም የጎበጠ መስታወት አላት። ጌጥ የሚገባበት ቦይ ያለውና የሌለውም ይለያያሉ። እኔ ቦይ የሌለውን ገዝቼ ጌጡን እጄ ላይ ይዤ ቀርቻለሁ።

አዲስ ጎሚኒ የሚገጠመው ያለ ሲላንት ነው። ጎሚኒው መስታወቱ ላይ ይለበሳል፣ ጌጡ እዚያው ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ጎሚኒው ከንፈር ውስጥ ገመድ ተዙሮ፣ በሳሙና ውሃ እያሟለጩ፣ አንዱ ከውጭ እየገፋ ሌላው ከውስጥ ገመዱን እየሳበ ይገባል። ቫዝሊንና ግሪስ አትቀቡ፣ ጎማውን ያሳብጡታል። ቤንዚንም እንደዚያው።

ጎሚኒው ገና ለስላሳ ሆኖ በአንድ ቦታ ብቻ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ነው ያ የማይደርቀው የመስታወት ማስቲክ የሚጠቅመው። ከላይም ከታችም የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። የጎሚኒውን ከንፈር በእንጨት ቀና አድርጋችሁ፣ የቱቦውን ቀጭን አፍ በጎሚኒውና በላሜራው መሃል አስገቡ። ቀስ እያላችሁ ጨምቁ። ከንፈሩን ልቀቁት፣ በጣት ተጫኑት፣ የተረፈውን ጥረጉ፣ ፕላስተሩን ወዲያው አንሱ። ከጎሚኒው ሥር ግን ቀለሙ ካበጠ ይህን አታድርጉ። ያኔ መስታወቱ ወጥቶ ዝገቱ መታየት አለበት። ዝገት ላይ ማሸግ ቁስል ሳያጥቡ ማሰር ነው።

ጎማዎቹን ለማቆየት እኔ ከክረምት በፊትና በኋላ ግሊሰሪን በጨርቅ አሻቸዋለሁ። ከፋርማሲ የሚገዛው፣ እጃችን ላይ የምንቀባው።

ፓራፋንጎና መብራት

በፓራፋንጎውና በአካሉ መሃል ያለው ጥቁር ጥብጣብ ላይ ምንም አትጨምሩ። የቮልስ ውበቷ ፓራፋንጎዋ በብሎን ተፈትቶ የሚወጣ መሆኑ ነው። ሲላንት ከሞላችሁት ጭቃና ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ ብሎኑም እዚያው ይበሰብሳል። ጥብጣቡ ካረጀ ቀይሩት፣ ብሎኖቹን ግራሶ ቀቡ፣ በቃ።

መብራትና ፍሬቻ የራሳቸው ጎሚኒ አላቸው። ቪቴውን ከመጠን በላይ አታጥብቁ፤ ጎሚኒው ይሸሻል፣ ፕላስቲኩም ይሰነጠቃል። ጎሚኒው ከጠፋ በቡቲል ቀለበት መሥራት ይቻላል፣ ለጊዜው።

ሲሊኮን ቀድሞ የተቀባባችሁ ከሆነ

እንግዲህ ጉዱ። ጋሼ ዝገቱን አጽድተው፣ ስቱኮ አስተካክለው፣ ቀለም ሲረጩ ቀለሙ ሸሸ። ቅባት የነካው ሳህን ላይ ውሃ እንደሚሸሽ ማለት ነው። የሽምብራ ያህል ክብ ክብ ቀዳዳዎች፣ መሃላቸው ባዶ። ደግመው ረጩ፣ ያው። ከዚያ ቆሙና "ሲሊኮን እንደነበረበት እያየሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። እንዲህ የሚል ባለሙያ በስንት አንድ ነው?

ስህተቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነበር። ሲሊኮን ያለበት ቦታ ቀድሞ ከተፈተገ ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ወስዶ ሁሉም ቦታ ያዳርሰዋል። መጀመሪያ በፕላስቲክ ፍቆ ማንሳት። የቀረውን በምላጭ፣ ምላጩን አጋድሞ። ከዚያ ሲሊኮንና ቅባት ማስወገጃ ፈሳሽ፣ ቀለም የሚሸጡ ሱቆች አላቸው። በአንድ ጨርቅ ቀቡ፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁን ጣሉት፣ አትመልሱት። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጉ። መፈተግ ከዚያ በኋላ ነው። ለቀለም ቀቢውም "እዚህ ጋ ሲሊኮን ነበር" ብላችሁ በጠመኔ አክብቡለት።

ባለፈው ክረምት ሐምሌ ላይ፣ ያ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ፣ ሌሊት ወጥቼ የኋላ ወንበሯን አነሳሁ። እዚያ ያነጠፍኩት ሶፍት ደረቅ ነበር። ከግራ ጥግ በስተቀር። የግራ ኋላ የጎን መስታወት ነው፤ ጎሚኒውን ሦስት ሱቅ ጠይቄ አላገኘሁም፣ እስካሁን በማይደርቀው ማስቲክ ላይ ነች።